ሳህን ላይ የሚቀረው ቀለም፦ የሳሎን ሠራተኞችን ልኬት ስለማስተማር

ጥያቄ፦ «አያት አካባቢ የሴቶች የውበት ሳሎን አለኝ። ስድስት ልጆች ፀጉር ላይ፣ ሁለት ደግሞ ማሳጅና ሞሮኮ ባዝ ላይ ይሠራሉ። በቀን በአማካይ 20 ሰው ይታጠባል። 5 ሊትር ሻምፖ ድሮ ወር ይቆይልኝ ነበር፤ አሁን በ12 ቀን ያልቃል። ቀለምም ሲተርፍ ዝም ብሎ ማጠቢያ ውስጥ ይደፋል። ብናገር፣ ብቆጣ ሰሚ የለም። ሰሞኑን ሻምፖውን በውሃ ማቅጠን ጀምሬአለሁ። ከዚህ በኋላ ደግሞ የባከነውን ከደሞዛቸው ልቆርጥ አስቤአለሁ። ሥልጠና ልስጣቸው ብልስ ለውጥ ያመጣል? ከምን ልጀምር?»

ምላሽ፦ ከሂሳቡ እንነሳ። 5 ሊትር ማለት 5,000 ሚሊ ሊትር ነው። በ12 ቀን፣ በቀን 20 ሰው ከታጠበ 240 ራስ ታጥቧል። ሲካፈል ለአንድ ሰው 21 ሚሊ ሊትር ገደማ ይደርሳል። ሁለት ጊዜ ለሚታጠብ ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ይህ ትንሽ በዛ ቢባል እንጂ የሚያስጮህ አይደለም። በእኔ ልምድ ለአብዛኛው ራስ 15 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ልጆቹ በዚህ ልክ ቢሠሩ ያው ጀሪካን 16 ወይም 17 ቀን ይሄድልዎታል። ወር ግን አይሞላም። ወር ይሞላ የነበረው በቀን አሥር፣ አሥራ አንድ ሰው ስታጥቡ ሊሆን ይችላል። ደንበኛ ጨምሮልዎት ከሆነ ሻምፖው ቶሎ ማለቁ የሥራ ምልክት ነው።

ሻምፖው ላይ ዓይን የሚያርፈው ጀሪካኑ ትልቅ ስለሆነ ነው። ባዶውን ሲያዩት ይደነግጣሉ። ገንዘብዎ በብዛት የሚፈስሰው ግን በጥያቄዎ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ባለፉት ቦታ ይመስለኛል፤ በቀለም ሳህኑ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆን፣ ምላሼን እዚያው ላይ ላብዛ።

አንድ የቀለም ቲዩብ አብዛኛውን ጊዜ 60 ሚሊ ሊትር ነው፤ 100 የሚይዝም አለ። ልጅቷ ሥር ብቻ ለምትቀባ ደንበኛ አንድ ሙሉ ቲዩብ ትጨምቃለች። በላዩ ያንኑ ያህል ዴቨሎፐር፣ ማለትም ቀለሙን ሥራ የሚያስጀምረውን ፈሳሽ፣ ትጨምርበታለች። ሳህኑ ላይ 120 ግራም ገደማ ሆነ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ለበቀለ ሥር ግን 60 ግራም ውህድ በቂ ነው። ሌላው 60 ግራም ይደፋል። ከተደፋው ግማሹ ቀለም ነው። ማለትም ግማሽ ቲዩብ። በቀን ሦስት ሰው እንዲህ ቢቀባ አንድ ተኩል ቲዩብ ወደ ማጠቢያ ወረደ። በወር 26 ቀን ቢሠሩ 39 ቲዩብ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ቀለም ዋጋው የት እንደደረሰ ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል። 39ኙን በገዙበት ዋጋ ያባዙት። ከዚያ የሻምፖውን ጉዳይ እንደገና ያስቡት።

ይህ ውህድ ለነገ አይቀመጥም። አንዳንድ ባለቤቶች «አይድፉት፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይያዙት» ይላሉ። ይህ ስህተት ብቻ ሳይሆን አደጋም አለው። ቀለሙና ዴቨሎፐሩ ከተገናኙበት ደቂቃ ጀምሮ ሥራቸውን ይጀምራሉ። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ጉልበታቸው ያልቃል። ከሰዓት በኋላ ለመጣች ደንበኛ የጠዋቱን ትራፊ ብትቀቧት ሽበቷን አይሸፍንም፣ ቀለሙም የተባለው አይወጣም። ተዘግቶ የተቀመጠ ዕቃ ውስጥ ደግሞ ጋዝ ይጠራቀማል፤ ሊፈነዳም ይችላል። ስለዚህ የተረፈ ቀለም ማትረፊያ የለውም። መፍትሔው ከመጀመሪያው ብዙ አለመበጥበጥ ነው።

ታዲያ ለምን ብዙ ይበጠብጣሉ? ብዙ ባለቤቶች «የራሳቸው ገንዘብ ስላልሆነ አይሰማቸውም» ይላሉ። ባለፉት ዓመታት ብዙ ሳሎን ገብቼ ልጆቹ ሲሠሩ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ግድየለሽነት አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ደጋግሜ ያየሁት ግን ፍርሃት ነው። ቀለም መሀል ላይ ማለቅ ለቀቢዋ ትልቅ ጭንቀት ነው። ግማሽ ራስ ተቀብቶ ሳህኑ ባዶ ሲሆን፣ ደንበኛዋ በመስታወት እያየቻት፣ እርስዎም ከካሸር በኩል እያዩዋት፣ እሷ ወደ ዕቃ ክፍል ትሮጣለች። ያ እንዳይደርስባት አስቀድማ አብዝታ ትበጠብጣለች። ቁጣ ይህንን ፍርሃት ይጨምረዋል እንጂ አይቀንሰውም። እርስዎ በተቆጡ ቁጥር ልጅቷ ትራፊውን ከእርስዎ ዓይን ቶሎ ማጥፋት ትለምዳለች። በጥያቄዎ «ዝም ብሎ ይደፋል» ያሉት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መለኪያ አለመኖሩ ነው። ብዙዎቹ ልጆች ሙያውን የያዙት ሌላ ሳሎን ውስጥ ትልቋን ልጅ እያዩ ነው። ቴክኒክና ሙያ ተምራ የሙያ ብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ያለፈችውም ብትሆን ሳሎን ስትገባ ሚዛን ካላገኘች በዓይኗ መገመት ትጀምራለች። እንጀራ የምትጋግር ሴት ሊጡን በግምት ምጣድ ላይ አትደፋም። ጣሳዋን ትይዛለች። ጣሳው ሁልጊዜ ያው ስለሆነ እንጀራዋም ሁልጊዜ ያው ነው። የእርስዎ ልጆች ያንን ጣሳ አላገኙም። 5 ሊትር ጀሪካን በአንድ እጅ አዘንብሎ ሌላው እጅ ላይ ማፍሰስ ለማንም ቢሆን በልክ አይመጣም። አፉ ሰፊ ነው፣ ጀሪካኑ ከባድ ነው፣ እጅ እርጥብ ነው።

ሦስተኛው ደንበኛዋ ናት። «ጨምሪበት እንጂ፣ ምን ሰሰትሽ!» ስትባል ልጅቷ ምን ትመልስ? ትጨምራለች። ቲፕም የምታገኘው ከዚያ ነው። እዚህ ላይ የሚያስፈልጋት ተግሳጽ ሳይሆን የምትመልሰው ቃል ነው። ወደኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ስለ ሥልጠናው። በአንድ ቀን ሁሉንም ምርት ለማስተማር አይሞክሩ። ከሥልጠናውም በፊት ሁለት ሳምንት ዝም ብለው ይመዝኑ። የሚያስፈልግዎ ግራም የሚለካ ትንሽ የኩሽና ሚዛን፣ አንድ ደብተርና አንድ የማይለቅ ማርከር ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱን የቀለም ሳህን ባዶውን መዝነው ክብደቱን ከታች በማርከር ይጻፉበት። ከዚያ ቀለም የበጠበጠች ሁሉ ሥራዋን ስትጨርስ ሳህኑን ሳታጥብ ሚዛን ላይ ታስቀምጠው። ከሚዛኑ ቁጥር የሳህኑ ክብደት ሲቀነስ የቀረው ትራፊ ነው። ደብተሩ ላይ ቀኑ፣ የሥራው ዓይነት፣ የተበጠበጠውና የተረፈው ይጻፋል። የሠራተኛዋ ስም አይጻፍ። ይህንን አጥብቄ የምለው ነው። ስም ከተጻፈ ትራፊው ሳይመዘን ማጠቢያ ውስጥ ይገባል፣ ደብተሩም ውሸት ይሆናል። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ማንም አይወቀስ። ቁጥር ብቻ ይሰብስቡ። የሚታጠበውንም ሰው በየቀኑ ይቁጠሩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰው በማይበዛበት አንድ ቀን ጠዋት፣ ሰኞ ቢሆን ይመረጣል፣ ሳሎኑን አንድ ሰዓት ዘግይተው ይክፈቱ። ሁሉም ልጆች ይኑሩ። እኔ ሥልጠና ስሰጥ ሁልጊዜ በአንድ ነገር እጀምራለሁ። ለእያንዳንዷ ባዶ ብርጭቆ እሰጣለሁ። «ትከሻ ለሚደርስ ፀጉር ለአንድ ጊዜ እጥበት የምትጠቀሚውን ሻምፖ ቅጂ» እላለሁ። ንግግር የለም። ሁሉም ይቀዳሉ። ከዚያ ብርጭቆዎቹን በየተራ እመዝናቸዋለሁ። በአንድ ሳሎን እንዲህ ስናደርግ አንዷ 8 ግራም፣ ሌላዋ 35 ግራም ቀድታ ነበር። ሁለቱም ጎን ለጎን ሦስት ዓመት ሠርተዋል። 35 የቀዳችው ልጅ ብርጭቆዋን አንስታ የጓደኛዋን አየች። ከዚያ ራሷ «ውይ!» አለች። እኔ ምንም አልጨመርኩም። ለሠራተኛ «ታባክኛለሽ» ከማለት ሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን ማሳየት ይበልጣል።

ቀጥሎ እጥበቱን በተግባር ያሳዩ። እዚህ ላይ አንድ ሥር የሰደደ የተሳሳተ እምነት አለ፤ አረፋ ከበዛ ጸዳ ማለት ነው የሚል። አረፋ የሚጠፋው ቅባት ሲኖር ነው። ለጋ ቅቤ ተቀብታ የመጣች ደንበኛን ያስቡ። አጣቢዋ ውሃ ረጨት አድርጋ ሻምፖ ታፈስባታለች። አረፋ የለም። ትጨምራለች። አሁንም የለም። እንደገና ትጨምራለች። ሦስት እጅ ሻምፖ ቅቤው ላይ ሞቶ ይቀራል። ትክክለኛው አሠራር ሌላ ነው። መጀመሪያ የደረቀ ፎጣ ይዞ ከላይ ያለውን ቅቤ መጥረግ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ እስከ ራስ ቆዳው እስኪደርስ ድረስ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ማፍሰስ። ሙቀቱ ቅቤውን ያቀልጠዋል። ከዚያ ትንሽ ሻምፖ በመዳፍ አሽቶ ቆዳው ላይ ማድረግ። የመጀመሪያው ዙር አረፋ ባይሰጥ አትጨነቅ። ታለቅልቀው። ሁለተኛው ዙር ላይ ያው ትንሽ ሻምፖ ሙሉ አረፋ ይሰጣታል፤ ምክንያቱም ቅባቱ ሄዷል። ቅቤ የሌለው ፀጉር ላይም ደንቡ ያው ነው፤ በደንብ ማርጠብ፣ መዳፍ ላይ ማሸት፣ ቆዳው ላይ ማድረግ። ከቆዳው የሚወርደው አረፋ ጫፉን ያጥበዋል።

ኮንዲሽነር ደግሞ በተቃራኒው ከመሀል እስከ ጫፍ ነው። ውሃው ጠፈፍ ሳይል ከተቀባ ከውሃው ጋር ተንሸራቶ ይወርዳል። ፀጉሩን በፎጣ ጨመቅ አድርጎ መቀባት ብቻውን መጠኑን ይቀንሰዋል። ተቀብቶ ካስክ (የራስ ማሞቂያ) ውስጥ የሚገባበት ትሪትመንትም እንደዚሁ ነው። ውሃ የሚንጠባጠብ ፀጉር ላይ የተቀባ ትሪትመንት ፎጣው ላይ ነው የሚቀረው።

ጀሪካኑን ከማጠቢያው አካባቢ ያውጡት። ፓምፕ ባላቸው ትንንሽ ጠርሙሶች ይሙሉ። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ገዝተው ፓምፑ በአንድ ግፊት ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚያወጣ ይለኩ። ፓምፖች ይለያያሉ። 2 ሚሊ ሊትር የሚያወጣ ከሆነ ለአንድ ዙር ለአጭር ፀጉር ሁለት፣ ለትከሻ ሦስት፣ ለረጅም አራት ግፊት ብለው ይነሱ። ልጆቹ ግራም አይቆጥሩም። ግፊት ግን ይቆጥራሉ።

ወደ ቀለሙ እንመለስ። ሁለተኛው ሰኞ ለቀለም ብቻ ይሁን። ሳህኑን ሚዛን ላይ ማስቀመጥ፣ ዜሮ ማድረግ፣ ቀለሙን እስከሚፈለገው ግራም መጭመቅ፣ ከዚያ ዴቨሎፐሩን በላዩ መጨመር። ይህንን እያንዳንዷ በእጇ ትሥራው። ለመነሻ፣ ለበቀለ ሥር 30 ግራም ቀለም፣ ትከሻ ለሚደርስ ሙሉ ፀጉር 60፣ ለረጅምና ጥቅጥቅ ላለ ከ90 እስከ 120 ይያዙ። ከዚያ የራሳችሁ ደብተር ያስተካክለዋል። የቀለምና የዴቨሎፐር ምጣኔ ግን የድርድር ነገር አይደለም። አንዱ ምርት አንድ ለአንድ፣ ሌላው አንድ ለአንድ ተኩል፣ ሌላው አንድ ለሁለት ይላል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ይሠራበት። ቀለም ለመቆጠብ ዴቨሎፐር ማብዛት ውህዱን ያቀጥነዋል። ሽበት አይሸፍንም፣ ወደ ግንባር ይወርዳል፣ ደንበኛዋ በሳምንቷ ተመልሳ ትመጣለች። ያኔ በነፃ እንደገና መቀባት አለ። ከዚያ የባሰ ብክነት አላውቅም።

አሁን ዋናው ነገር። ልጆቹ በሁለት ዙር እንዲበጠብጡ በግልጽ ይፍቀዱላቸው። መጀመሪያ ሁለት ሦስተኛውን ትበጥብጥ። ሊያልቅ ሲል የቀረውን ትበጥብጥ። ሚዛኑና ቲዩቡ እዚያው አጠገቧ ካለ ሁለተኛው ዙር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጎን ያለችው ልጅ ልታቀብላት ትችላለች። የተጠቀመችበትን የቀለም ቁጥርና ግራም ብጣሽ ወረቀት ላይ ከጻፈች ቀለሙ አይለያይም። ትልቁ ነገር ግን ቃልዎ ነው። «መሀል ላይ ቢያልቅብሽ ጥፋት አይደለም፣ ማንም አይቆጣሽም» ይበሏቸው። ሲያልቅባትም በእውነት አይቆጡ። ፍርሃቱ ከሄደ ሳህኑ ላይ የሚቀረው ነገር በራሱ ይቀንሳል። የደንበኛዋን የቀለም ቁጥርና የበቃትን ግራም በካርድ ይያዙላት። በሁለተኛ ጉብኝቷ ግምት አያስፈልግም።

ዴቨሎፐር ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። አንዴ ከጠርሙሱ የወጣ ዴቨሎፐር ወደ ጠርሙሱ አይመለስ። ትንሽ ቆሻሻ ወይም የቀለም ጠብታ ከገባበት ሙሉው ጠርሙስ ጉልበቱን ያጣል። ጠርሙሱ ክዳኑ በደንብ ተዘግቶ፣ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮትና ከካስኩ ሙቀት ርቆ ይቀመጥ። የብረት ሳህንም አይጠቀሙ።

ሪላክሰር፣ ማለትም ፀጉር ማለስለሻው ክሬም፣ ላይ ብክነትና ጉዳት አንድ ላይ ይሄዳሉ። አዲስ የበቀለው ላይ ብቻ መቀባት ያለበት ክሬም ቀድሞ በተለሰለሰው ላይ ሲደረብ ክሬሙም ይባክናል፣ ፀጉሩም ይበጣጠሳል። ስለዚህ ልጆቹ በቀጭን መስመር ከፍለው ሥሩን ብቻ መቀባት እንዲለማመዱ ያድርጉ። ነገር ግን በሪላክሰር ሥራ ውስጥ የማይቆጠቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የራስ ቆዳን ለመከላከል አስቀድሞ የሚቀባው ቅባት ነው። ሌላው በመጨረሻ የሚታጠብበት፣ የክሬሙን ኃይል የሚያቆመው (ኒውትራላይዝ የሚያደርገው) ሻምፖ ነው። ሪላክሰር ኃይለኛ ኬሚካል ነው፤ ሙሉ በሙሉ ካልወጣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ፀጉር ይበላል። የዚህን ሻምፖ ግፊት አይቁጠሩባቸው።

የማሳጅና የሞሮኮ ባዝ ክፍሉ ቀላል ነው፤ ቶሎ ልለፈው። ዘይቱ በትልቁ ጠርሙስ ወደ ክፍሉ አይግባ። ለአንድ ደንበኛ 30 ሚሊ ሊትር በትንሽ ጠርሙስ ተለክቶ ይሰጥ፤ ቆዳዋ ደረቅ ከሆነ ትጨምር። ዘይቱ መዳፍ ላይ ይፍሰስ እንጂ ቀጥታ ጀርባ ላይ አይንቆርቆር። የሞሮኮ ሳሙናው ደንበኛዋ በእንፋሎቱ በደንብ ከላበች በኋላ ሲቀባ ትንሹ ብዙ ይሸፍናል። በደረቅ ቆዳ ላይ ሲሆን እጥፉ ይገባል። ክሬምና ስክራብ በንጹሕ ማንኪያ ወደ ትንሽ ሳህን ይውጣ። ጣት ወደ ጣሳው አይግባ። የተረፈውም ወደ ጣሳው አይመለስ። የፀጉር ማንሻ ሰምም እንዲሁ ነው፤ አንዴ ቆዳ የነካ እንጨት ተመልሶ ሰሙ ውስጥ አይነከርም። እንጨቱን ለመቆጠብ ሲባል የአንዷን ቁስል ለሌላዋ ማሸጋገር አለ።

ስለ ውሃው። ሻምፖውን ማቅጠንዎን ዛሬውኑ ያቁሙ። ሻምፖ ውስጥ ባክቴሪያ እንዳያድግ የሚጨመር መከላከያ አለ። መጠኑ የተለካው ለዚያ ውፍረት ነው። ውሃ ሲገባበት መከላከያው ይሳሳል። ውሃው ደግሞ ከሮቶ የተቀዳ ከሆነ ጀርሙን ይዞ ይገባል። በሞቃት ክፍል ውስጥ 12 ቀን የቆመ የቀጠነ ሻምፖ ሽታው ሲለወጥ፣ ሲዝለገለግ አይቻለሁ። ያንን በሰው ራስ ቆዳ ላይ፣ ምናልባትም ተቧጥጦ በቆሰለ ቆዳ ላይ ማፍሰስ አይገባም። በዚያ ላይ ቁጠባ የለውም። ሻምፖው ሲቀጥን ልጆቹ አረፋ ፍለጋ ሁለት እጥፍ ያፈሳሉ። ለሳሎን ተብለው ወፍረው የሚሠሩ፣ በውሃ ይበጥበጥ የሚል መመሪያ ያላቸው ሻምፖዎች አሉ። እነሱም ቢሆኑ መለያው ላይ በተጻፈው ልክ፣ ለዕለቱ ብቻ ይበጠበጡ፤ ማታ ጠርሙሱ ይታጠብ።

የደሞዝ ቅጣቱን በተመለከተ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ እንዳሰቡት ቀላል አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 አሠሪ ከሠራተኛ ደሞዝ በራሱ ውሳኔ እንዲቆርጥ አይፈቅድም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም የሠራተኛዋ የጽሑፍ ስምምነት ይጠይቃል። የሚቆረጠውም በማናቸውም ሁኔታ ከወር ደሞዟ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ሁለተኛ፣ ሕጉ ቢፈቅድልዎም አልመክርም። ወጣት ሳለሁ የሠራሁበት አንድ ሳሎን ነበር። ባለቤቷ ዕቃ ክፍሉን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ያዙ። የተሰበረና የተደፋ ሁሉ ከደሞዝ ይቆረጥ ጀመር። በወሩ ሁላችንም መሳቢያችን ውስጥ የተጀመረ ቲዩብ ደብቀን ነበር፤ እንዳይጎድልብን ብለን። ክዳኑ በደንብ ያልተዘጋ፣ የደረቀ፣ ቁጥሩ የጠፋ ቀለም። ባለቤቷ ያንን ሁሉ ሳያውቁ አዲስ ይገዙ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ሦስታችን ለቀን ወጣን። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም። የጨነቃቸውን የሚያዩበት ቁጥር ግን አልነበራቸውም።

ሽልማትስ? ያስኬዳል፣ ግን ለግለሰብ አይስጡ። «ትንሽ የተጠቀመች ትሸለማለች» ካሉ ልጅቷ ከደንበኛዋ ራስ ላይ ትቆጥባለች። ሽበት ሳይሸፈን ይቀራል። ከወጪው የቀነሰውን አስልተው የተወሰነውን ለሁሉም እኩል ያካፍሉ። በኮሚሽን የሚሠሩ ከሆነ ይህ የበለጠ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የምርቱ ወጪ በእነሱ ድርሻ ላይ በጭራሽ አይታያቸውም። የአንድ ቲዩብና የአንድ ጠርሙስ ዋጋ ዕቃ ክፍሉ በር ላይ ይለጥፉ። አብዛኞቹ ልጆች ዋጋውን አያውቁትም። ሲያውቁት እጃቸው ይለወጣል።

ለደንበኛዋ የሚመለሰውን ቃል አብራችሁ ተለማመዱት። «ጨምሪበት» ስትል ልጅቷ እጇን ሳታቆም፣ ፈገግ ብላ፣ «እሺ እናቴ፣ መጀመሪያ ይሄ ቆዳሽ ላይ ይድረስ፣ ሁለተኛው ላይ አረፋውን ታይዋለሽ» ትበል። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ዙር ጥያቄውን ይመልሰዋል። ደንበኛዋ አሁንም ከፈለገች ይጨመርላት። በአንድ ግፊት ሻምፖ ደንበኛ አይቀየምም።

ከምርት አስመጪ የሚመጣ ባለሙያ በነፃ ሥልጠና ልስጥ ቢልዎ ይቀበሉት። ስለ ኬሚካሉ ብዙ ያስተምራል። መጠኑን ግን በእርስዎ ሚዛን ይፈትሹት፤ ሰውየው ሻጭም ነው። ለዕለት ተዕለቱ ከልጆቹ መሀል አንዷን፣ የግድ ትልቋን ሳይሆን ጓደኞቿ የሚሰሟትን፣ የሚዛኑና የደብተሩ ኃላፊ ያድርጓት። ለዚህም የተወሰነ ጭማሪ ይክፈሏት። ተጨማሪ ሥራ ነው።

ሥልጠና ሁሉንም አይፈታም። የፋሲካና የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ የሰርግ ሰሞን፣ ልኬት ይፈርሳል። ለእነዚያ ቀናት ጠርሙሶቹን ከዋዜማው በፊት ሞልታችሁ፣ ሚዛኑን በሁለት አድርጋችሁ ይግቡ፤ ያም ሆኖ ትራፊ ይኖራል፣ ይለፉት። አዲስ ልጅ ስትገባም ከዜሮ ነው። የብርጭቆዋን ሙከራ በመጀመሪያ ቀኗ ትሥራ። ደግሞ ደብተሩ ላይ ያለው አጠቃቀም ልክ ሆኖ ከዕቃ ክፍሉ ግን ምርት እየጎደለ ከሆነ ጉዳዩ ብክነት አይደለም፤ በሥልጠናም አይስተካከልም። ከዚያ በፊት ግን ማንንም አይጠርጥሩ፣ ቦርሳ አይፈትሹ። ግዢዎንም ይመልከቱ። ምርቱ ጀርባ ላይ ክዳኑ የተከፈተ ጣሳ ሥዕል ውስጥ 12 ወይም 24 የሚል ቁጥር ካለ፣ ከተከፈተ በኋላ የሚቆይበት ወር ነው። በቅናሽ ተገዝቶ መደርደሪያ ላይ የሚሞት ትሪትመንት የልጆቹ ጥፋት አይደለም።

ጓንት፣ ንጹሕ ፎጣ፣ የመሣሪያ ማጽጃ ፈሳሽ፣ ከቀለም በፊት 48 ሰዓት ቀድሞ በክንድ ላይ የሚሞከረው የአለርጂ ፍተሻ፦ እነዚህ በየትኛውም የቁጠባ ዝርዝር ውስጥ አይግቡ። በስብሰባውም ላይ ይህንን ጮክ ብለው ይናገሩት፤ ልጆቹ «ቆጥቡ» ሲባሉ ቀድመው የሚቀንሱት ጓንት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ሥልጠናውን ይስጡ፣ ለውጥ ያመጣል። ደሞዝ አይቁረጡ። በዚህ ሳምንት ሚዛኑን ይግዙ፣ ሁለት ሳምንት ያለ ስም ይመዝኑ፣ ከዚያ በአንድ ሰኞ አንድ ነገር ብቻ ያስተምሩ። መጀመሪያ ብርጭቆውንና እጥበቱን፣ ቀጥሎ ቀለሙን፣ ከዚያ ሪላክሰሩን፣ መጨረሻ ማሳጁን። ቁጥሩን ለማየት ሁለት ወር ይስጡት። በውሃ የቀጠነው ጀሪካን ግን ሁለት ወር አይጠብቅም። ዛሬ ማታ ይድፉት፣ ጠርሙሶቹን በሙቅ ውሃ አጥበው ሌሊቱን ደፍተው ያድርቋቸው፣ ጠዋት ባልተነካው ሻምፖ ይሙሏቸው።